የዓሣ ገንዳ በየዓይነቱ አይደለም

ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች በቤት ውስጥ የጌጥ ዓሣ ስለ ማኖር የሚመክር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ጸሐፊው ዓሣ እንደሚወዱ ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። ጀማሪ በቀን አንዴ፣ ያውም በጣት ጫፍ ቆንጥሮ ብቻ ያብላ ማለታቸውን እኔም ደግሜ እላለሁ፤ በቤት ውስጥ በረሃብ ከሚሞተው ዓሣ ይልቅ ባለቤቱ ባበዛው ምግብ የሚሞተው ይበዛልና። ችግሩ ያለው የትኛው ዓሣ ከየትኛው ጋር ይኖራል በሚለው ክፍል ነው። እዚያ የሰፈረውን ምክር አምኖ የተከተለ ሰው ገንዘቡንም ዓሣዎቹንም ያጣል። ስለዚህ ነጥቦቹን እያነሣሁ ልመልስ።

ጽሑፉን ላላነበበ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ሰላማዊ የሆኑ ዓሣዎች ሁሉ አብረው ይኖራሉ፤ ስለዚህ ጎልድፊሽ፣ ጋፒ፣ ኒዮን ቴትራና ኤንጀልፊሽ በአንድ ገንዳ ማድረግ ይቻላል። ለዓይን እንዲያምር ከየዓይነቱ አንድ አንድ መግዛት ይበቃል። የደሴ አየር ቀዝቃዛና ንጹሕ ስለሆነ ማሞቂያ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ የመጣውን ፌስታል ከፍቶ ዓሣው እስኪለምድ ሁለት ሰዓት ማቆየት ያሻል። የዓሣው ብዛት በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሴንቲሜትር ዓሣ በሚል ስሌት ይወሰናል፤ ዓሣ የሚያድገው በገንዳው ልክ ስለሆነ ወደፊት ስለሚደርስበት መጠን መጨነቅ አይገባም። ቆሻሻውን መስታወት ላይ የሚለጠፈው ዓሣ ይበላዋል። ገንዘብ ያጠረው ከሎጎ ሐይቅ የቆሮሶ (ተጠብሶ የሚበላው ዓሣ) ጫጩት ያምጣ፤ የሰለቸው ደግሞ ዓሣዎቹን መልሶ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ቦርከና ወንዝ ይልቀቃቸው።

ከሰላማዊነቱ ልጀምር። ጸሐፊው ዓሣዎችን የመደቧቸው በጠባያቸው ብቻ ነው፤ የማይናከስ ሁሉ ይስማማል ብለው ደመደሙ። ዓሣ ግን ከጎረቤቱ በፊት ውሃው ሊስማማው ይገባል። ጎልድፊሽ የካርፕ ዘመድ ነው፤ ቻይናዎች ለዘመናት በቀዝቃዛ ኩሬ ያረቡት ዓሣ ስለሆነ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃዋል። ኒዮን ቴትራ የላይኛው አማዞን ጥላማ ጅረቶች ዓሣ ነው፤ ማዕድን ያልበዛበት፣ ትንሽ ወደ አሲድነት ያደላ፣ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል። ጋፒ ደግሞ ከቬንዙዌላና ከትሪኒዳድ አካባቢ የመጣ ሲሆን ሙቀቱን ከኒዮን ጋር ቢጋራም ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበትን ጠንካራ ውሃ፣ ፒኤቹም (የውሃው የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ7 እስከ 8 የሆነውን ይመርጣል። ሞሊም የዚሁ የጋፒ ወገን ነው፤ እንዲያውም በጠንካራ ውሃ ጉዳይ ከጋፒ ይብሳል።

እነዚህን በአንድ መስታወት ውስጥ ያስገባ ሰው አንዱን ሲያስደስት ሌላውን ይበድላል። ውሃውን 19 ዲግሪ ላይ ቢተወው ጎልድፊሹ ይፈነጥዛል፤ ጋፒው ግን ክንፉን ሰብስቦ ጥግ ይይዛል፣ ሰውነቱ ሲደክም ደግሞ ነጭ ነጥብ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ይወርድበታል። 26 ዲግሪ ላይ ቢያሞቀው ጎልድፊሹ አብዝቶ ይበላል፣ አብዝቶ ይጸዳዳል፣ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ሙቅ ውሃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ማንም ማንንም አልነከሰም፤ ገንዳው ግን በሽተኛ አያጣም።

የቤታችሁን ውሃ ጠባይ በግምት ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ውሃ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ነጭ ቅርፊት ከለበሰ ውሃው ጠንካራ ነው፤ ጋፒ፣ ፕላቲና ሞሊ ይስማማችኋል፤ ኒዮንን ተዉት። ከዓመት ዓመት ንጹሕ ሆኖ ከቆየ ነገሩ ይገለበጣል። ፒኤች የሚለካው ቀለም ቀያሪ ወረቀት ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው። ዓሣውን ወደ ውሃው አምጡ እንጂ ውሃውን በየሳምንቱ በኬሚካል እያሸጋገራችሁ ወደ ዓሣው ለማምጣት አትድከሙ፤ የሚዋዥቅ ውሃ ከማይመች ውሃም ይከፋል።

ኤንጀልፊሽን ከኒዮን ጋር የሚለው ምክር ከሁሉም ይልቅ አስገርሞኛል። ኤንጀልፊሽ በሱቅ ሲሸጥ ከሳንቲም ብዙም አይበልጥም፤ ስስ፣ ዝግተኛና ጨዋ ይመስላል። ሲያድግ ግን ርዝመቱ 15 ሴንቲሜትር፣ ከላይኛው ክንፉ ጫፍ እስከ ታችኛው ደግሞ 20 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ኒዮን ቢያድግ ቢያድግ 3 ሴንቲሜትር ተኩል ነው። በዓሣ ዓለም ሕጉ አጭር ነው፤ አፍ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ምግብ ነው። ነገሩ ሲፈጸም በአንድ ወዳጄ ቤት ተቀምጬ አይቻለሁ። የገንዳው መብራት ጠፍቷል፤ የሳሎኑ ብርሃን ብቻ በመጠኑ ይደርሳል። ኒዮኖች ሲጨልም ያ ሰማያዊ መስመራቸው ይደበዝዛል፤ ከቅጠሉ ሥር ፈዘው ተንሳፈዋል። ኤንጀልፊሹ አልሮጠም፣ አላባረረም። አፉን ወደ ታች ዘንበል አድርጎ፣ የጎን ክንፎቹን ብቻ እያርገበገበ አንድ ጣት ያህል እስኪቀረው ተጠጋ፤ ከዚያ አፉ ተከፍቶ ተዘጋ። ለጥቂት ጊዜ የኒዮኑ ጭራ ከከንፈሩ ወጥቶ ታየ፤ ቀጥሎ እሱም ገባ። ወዳጄ እስከዚያ ምሽት ድረስ ኒዮኖቹ ከማጣሪያው ኋላ እየገቡ የሚሞቱ ይመስለው ነበር። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳም።

አብረው ካደጉ አይበላቸውም የሚል ሰው አይጠፋም። ለጊዜው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የጠገበ ኤንጀልፊሽ ለወራት ዝም ሊል ይችላል። ቤቱ ሰው ሳይኖርበት ሁለት ቀን ሲያድርና ምግብ ሲቀርበት ግን ዋስትና የለም።

አሁን ወደ «ከየዓይነቱ አንድ» እንምጣ። የዓሣ ገንዳ የዓርብ በየዓይነቱ አይደለም፤ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም ትንሽ ትንሽ ተደርጎ ትሪው ሲሞላ የሚያምርበት ገበታ ሌላ ነው። ኒዮን፣ ዜብራ ዳኒዮና ኮሪዶራስ በመንጋ የሚኖሩ ዓሣዎች ናቸው፤ ከስድስት ባነሰ ቁጥር አይያዙም። ብቻውን የተገዛ ኒዮን ቀለሙ ይገረጣል፣ ከተደበቀበት አይወጣም፣ ባለቤቱም ቀድሞውንም በሽተኛ ሸጡልኝ ይላል። ታይገር ባርብ ላይ ጉዳቱ ወደ ሌሎች ይዞራል። ይህ ባለ ጥቁር መስመር ዓሣ ስምንትና ከዚያ በላይ ሲሆን እርስ በርሱ ሲሯሯጥና የማዕረግ ተራ ሲያወጣ ይውላል፤ ብቻውን ወይም ሁለት ሆኖ ሲገባ ግን ትርፍ ጉልበቱን የጋፒን ጭራና የኤንጀልፊሽን ረጅም ክንፍ በመቀንጠስ ይወጣዋል። ስለዚህ ረጅም ክንፍ ያላቸው ዓሣዎች ካሉ ታይገር ባርብ በብዛትም በጥቂትም ባይገባ ይሻላል።

ቤታ የሚባለው የታይላንድ ዓሣ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ወንዱ ለብቻው ይያዛል፤ ሁለት ወንድ በአንድ ገንዳ ማለት አንድ ሬሳ ማለት ነው። ባለ ረጅም ጭራ የጋፒ ወንድ ሲያይም ባላንጣ መስሎት ይዘምትበታል። ጋፒዎች ራሳቸው በጾታ ሒሳብ ይገዛሉ፤ ለአንድ ወንድ ሁለት ሦስት ሴት፣ አለዚያ ወንዱ አንዷን ሴት እያሳደደ ያደክማታል። አንዲት ሴት ብቻ ገዝቶ አይራቡብኝም ያለ ሰው ቢኖር አይመን። ሴቷ ጋፒ የወንዱን ዘር በሰውነቷ ለወራት ታቆያለች፤ በሱቅ ተጸንሶ ደሴ ላይ በየወሩ ገደማ የሚወለድ ነው።

ከጽሑፉ ነጥቦች ሁሉ ረዘም አድርጌ ልነጋገርበት የምፈልገው የአየሩ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ለደሴና ለኮምቦልቻ ብለው ጻፉ እንጂ ሁለቱን ከተሞች አልለዩዋቸውም። መሐላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ ሰው ግን ጃኬቱን የት እንደሚያወልቅ ያውቃል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ ከ15 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ 28 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሞቃል። በአንዱ ከተማ ውርጩ፣ በሌላው ሙቀቱ ነው የዓሣ ምርጫውን የሚወስነው።

የደሴ ቅዝቃዜ ለዓሣ ይመቻል ማለት ለጎልድፊሽ፣ ለዜብራ ዳኒዮና ዋይት ክላውድ ለሚባለው ትንሽ የቻይና ተራራ ዓሣ እውነት ነው። ጸሐፊው እነዚህን ብቻ ጠቅሰው ቢሆን ኖሮ ማሞቂያ አያስፈልግም በማለታቸው ባልተከራከርኳቸው ነበር። ጋፒን፣ ኒዮንንና ኤንጀልፊሽን ዘርዝረው ማሞቂያውን መከልከላቸው ግን አያስኬድም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እሳት የማይነድበት የደሴ ሳሎን ወደ 13 ወይም 14 ዲግሪ ይወርዳል፤ በዚያ ውሃ ውስጥ ኤንጀልፊሽ ሳምንት አይሰነብትም።

ማሞቂያም ሲገዛ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ብቻ ማመን አይበቃም። ለአንድ ሊትር አንድ ዋት የሚለው የተለመደ ልክ የታሰበው ሞቅ ላለ ክፍል ነው። ደሴ ላይ ውሃውን ከክፍሉ በ10 እና በ11 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ማቆየት ስለሚያስፈልግ ለአንድ ሊትር ሁለት ዋት ማሰብ ይገባል፤ ለ100 ሊትር ገንዳ 200 ዋት መሆኑ ነው። ባለ 200 ዋት አንድ ከመግዛት ባለ 100 ዋት ሁለት መግዛት ይሻላል። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ዓሣውን ያሰነብታል፤ አንዱ ሳይጠፋ ተጣብቆ ቢቀር ደግሞ ብቻውን ገንዳውን የማፍላት ጉልበት የለውም። መብራት ሲጠፋ ጋቢ አውጥቶ የመስታወቱን አራት ጎን መጠቅለል ነው፤ ላዩን ግን አትሸፍኑት፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው።

ጸሐፊው ስለ አየሩ ንጽሕና ጻፉ፤ ስለ መሳሳቱ ግን ምንም አላሉም። በባሕር ጠለል ከፍታ 20 ዲግሪ የሆነ ጨው አልባ ውሃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ስለሚቀንስ ያው ውሃ የሚይዘው ከ7 ሚሊ ግራም በታች ነው። በባሕር ዳርቻ ያለ የ30 ዲግሪ ውሃ እንኳ 7 ተኩል ይይዛል። ይህ ማለት በሞቃት ቆላ ከተሞች ያሉ ሰዎች በበጋ የሚፈሩትን የኦክስጅን እጥረት እኛ በብርዱም እንደ ጓደኛ ይዘነው እንኖራለን ማለት ነው። ከውጭ አገር የተቀዳ ማንኛውም የዓሣ ብዛት ስሌት እዚህ ሲደርስ ቢያንስ ሩቡ ሊቀነስለት ይገባል። ንጋት ላይ ተነሥታችሁ ዓሣዎቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን በውሃው ገጽ ላይ ሲከፍቱና ሲዘጉ፣ ስንጥባቸውም በፍጥነት ሲርገበገብ ካያችሁ የራባቸው አይምሰላችሁ፤ አየር አጥሯቸዋል።

ከዚህ የሚከተለው ምርጫም ይለወጣል። ጠባብና ረጅም ገንዳ ከምትገዙ ሰፊና ዝቅ ያለውን ግዙ፤ ኦክስጅን የሚገባው በውሃው ገጽ ስፋት ልክ ነውና። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ክብ ብርጭቆማ ሳሕን ለጎልድፊሽ እስር ቤት ነው። የአየር ፓምፕ ለጌጥ አረፋ የሚገዛ ዕቃ አድርገው ጸሐፊው አልፈውታል፤ ደሴ ላይ ከማጣሪያው እኩል አስፈላጊ ነው። መብራት ሲጠፋ በስልክ መሙያ ፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ማዘጋጀት ሌሊቱን ያሻግራል። ቤታ በራሱ ላይ ባለው የተለየ አካል፣ ኮሪዶራስ ደግሞ በአንጀቱ ከአየር ኦክስጅን መውሰድ ስለሚችሉ የመብራቱን መጥፋት ከሌሎቹ ይልቅ ይቋቋማሉ፤ ኮምቦልቻ ላይ በሰኔ ሙቀት ይህ ችሎታቸው ዋጋ አለው።

የፌስታሉን ነገር ላንሣ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዓሣው ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ፌስታሉ በስሱ አየር ይወጠራል፣ ብርዱ ያንቀጠቅጠዋል፤ ከዚያ ሸዋ ሮቢት ወርዶ በሙቀት ይታፈናል፤ መጨረሻ እንደገና ወደ ደሴ ይወጣል። በዚህ መንገድ ኒዮንን የሚያመጣ ሰው ፌስታሉን በእቃ መጫኛ ላይ ሳይሆን በስፖንጅ ሣጥን ውስጥ አድርጎ እግሩ ሥር ይያዘው። ሲደርስ ፌስታሉን ከፍቶ ሁለት ሰዓት ማቆየት የሚለው ምክር ግን አደገኛ ነው። በጉዞው ዓሣው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃው ውስጥ ተከማችቶ ፒኤቹን ያወርደዋል፤ ከዓሣው ቆሻሻ የተጠራቀመው አሞኒያም በዚያ ዝቅ ባለ ፒኤች ብዙም አይጎዳም። ፌስታሉ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሣል፣ ያው አሞኒያ መርዝ ይሆናል። በ25 ዲግሪ ፒኤቹ ከ7 ወደ 8 ሲወጣ የመርዛማው አሞኒያ ድርሻ ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። የታሰረውን ፌስታል እንዳለ ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ አንሳፍፉት፤ ሙቀቱ ሲስተካከል ክፈቱና ዓሣውን በመረብ አውጥታችሁ ወዲያው ወደ ገንዳው አስገቡት። የፌስታሉ ውሃ ወደ ገንዳው አይገባም።

ደግሞስ ያ ሁሉ ዓሣ በአንድ ቀን ለምን ይመጣል? ዓሣ የሚያወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ እስኪበቅሉ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ከዚያም ይዘገያሉ። ጠንካራ የሆኑ ሦስት አራት ዳኒዮዎች አስገብቶ መጠበቅ ይሻላል። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አጥቦ ማጽዳትም እነዚያኑ ባክቴሪያዎች በክሎሪን መግደል ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ደግሞ ክሎሪኑ እንዲወጣ በርሜል ውስጥ ቀድቶ አንድ ቀን ሙሉ በፓምፕ እያናፈሱ ማቆየት ለብዙ ሰው ይበቃል።

የአንድ ሊትር አንድ ሴንቲሜትር ስሌት ለምን እንደማይሠራ ለማየት ሁለት ዓሣ ማነጻጸር ይበቃል። 3 ሴንቲሜትር የሆኑ አሥር ኒዮኖች ጫፍ ለጫፍ ቢደረደሩ 30 ሴንቲሜትር ይሆናሉ። ኦስካር የሚባለው አንድ ትልቅ ዓሣም ሲያድግ 30 ሴንቲሜትር ነው። በስሌቱ መሠረት ሁለቱም እኩል 30 ሊትር ይበቃቸዋል። ነገር ግን ርዝመት በ10 እጥፍ ሲያድግ የሰውነት መጠን በ1,000 እጥፍ ገደማ ያድጋል፤ አንዱ ኦስካር አሥሩን ኒዮኖች በመቶ እጥፍ ይበልጣቸዋል፤ ምግቡም፣ ኩሱም፣ የሚተነፍሰውም እንዲሁ። ደግሞም 30 ሊትር ገንዳ ውስጥ መዞርም አይችልም።

ዓሣ በገንዳው ልክ ያድጋል የሚለው ተረት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በጠባብ ገንዳ የተያዘ ጎልድፊሽ በእርግጥ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ የሚቀረው ግን በራሱ ቆሻሻ ተመርዞ፣ አከርካሪው ተጣሞ ስለሚቀጭጭ ነው። በአግባቡ የተያዘ ጎልድፊሽ 20 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል፣ አሥርና አሥራ አምስት ዓመትም ይኖራል። በየሱቁ በሁለት ዓመት የሚሞተው ትንሹ ጎልድፊሽ ልኩ ያ ሆኖ አይደለም።

መስታወት ላይ ስለሚለጠፈው ፕሌኮ አጭር መልስ ይበቃል። ቆሻሻ አይበላም። አልጌና የበሰበሰ ተክል ይግጣል፣ እሱም ይጸዳዳል፣ ያውም ከሁሉም በላይ። የተለመደው ዓይነት ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ስለሚደርስ የሚገዛውን ሰው ገንዳ በዓመት ተኩል ውስጥ ያጣብበዋል። ከጎልድፊሽ ጋር ሲሆን ደግሞ ሌሊት ሰፊ ጎኑ ላይ ተለጥፎ የቆዳውን ልፋጭ ሊልስ ይችላል፤ ጠዋት በጎልድፊሹ ጎን ላይ የሚታየው ክብ ቁስል ከዚያ ነው። አልጌ ያስቸገረው ሰው ገንዳውን ከመስኮቱ ፀሐይ ያርቅ።

የቆሮሶው ጉዳይ ግን በጥቂት ቃላት አይታለፍም። ቆሮሶ በሐይቅ ከተማ በኩል ወደ ደሴ የሚመጣው፣ በየቤቱ ተጠብሶ የምንበላው ዓሣ ነው። ሎጎ ሐይቅ ውስጥ ከጥንት የነበረ አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ለአሣ አስጋሪዎች ጥቅም ተብሎ የገባ ነው። ጫጩቱ ሲታይ ብርማ፣ ፈጣንና የሚያምር ነው፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ይህ ዓሣ ግን 50 ሴንቲሜትር ሊያልፍ፣ ክብደቱም በኪሎ ሊቆጠር ይችላል። ወንዱ ሲጎለምስ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል፣ የተተከለውን ተክል ከሥሩ ነቅሎ ያንሳፍፋል፣ በዚያ ጎጆ አጠገብ ያለፈውን ሁሉ ይመታል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምትፈለፍል ጫጩቶቿ በብዛት ይተርፋሉ። ጋፒና ኒዮን ለእሱ ቁርስ ናቸው። ከሐይቅ በቀጥታ የመጣ ዓሣ ከነ ጥገኛ ተውሳኩ ስለሚመጣም በሱቅ የተገዙትን ሊበክል ይችላል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው ነው። ቆሮሶ ማርባት የሚፈልግ ሰው ጓሮው ኩሬ ይቆፍርለት፤ ለምግብም ይሆነዋል።

የሰለቸውን ዓሣ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ቦርከና መልቀቅ የሚለውን ምክር ግን ጸሐፊው እንዲሰርዙት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሎጎ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። ጎልድፊሽ የሐይቁን ወለል እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፣ የሌሎቹን እንቁላል ይበላል፤ ጋፒ ደግሞ ትንኝ ይበላል ተብሎ በብዙ አገሮች ከተለቀቀ በኋላ የአገሬውን ትናንሽ ዓሣዎች ቦታ የቀማ ነው። ቦርከና የእኛ የግላችን ወንዝ ስለሚመስለን እንጂ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ አዋሽ ነው የሚወርደው። በአዋሽ ዳር ያሉ ሰዎች የእኛን የተሰላቸ ፕሌኮ እንዲቀበሉ ማንም አልጠየቃቸውም። የማይፈለግ ዓሣ ለሌላ አርቢ ይሰጣል፣ ወይም ለሸጠው ሱቅ ይመለሳል።

ነቅፎ መተው ደግ ስላልሆነ እኔ ምን እንደማስገባ ልናገር። ደሴ ላይ ማሞቂያ ለማይገዛ ሰው በ100 ሊትር ሰፊ ገንዳ ስምንት ዋይት ክላውድ፣ ስድስት ዜብራ ዳኒዮ፣ ከተገኘም ስድስት ፔፐርድ ኮሪዶራስ ከታች። ይህ ኮሪዶራስ የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን በቢግል መርከብ ጉዞው ከደቡብ አሜሪካ ከሰበሰባቸው ዓሣዎች አንዱ ነው፤ 18 ዲግሪን ያለ ቅሬታ ይኖርበታል። ከላይ የሚዋኘው፣ መሐል የሚሯሯጠውና ታች የሚርመሰመሰው ስለተለያዩ ማንም የማንንም ቦታ አይሻማም። ዳኒዮና ዋይት ክላውድ ሲደነግጡ ስለሚዘሉ ክዳን ያስፈልጋል። ጎልድፊሽ የሚወድ ደግሞ በዚያው ገንዳ ሁለት ባለ ድርብ ጭራ ጎልድፊሾች ብቻ ያኑር፤ ሌላ ምንም አይጨምር። ባለ ነጠላ ጭራዎቹ ፈጣኖች ስለሆኑ ምግቡን ሁሉ ይቀድሟቸዋል፤ አይቀላቀሉ።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ይቀላል። ትንሽ ማሞቂያ ለክረምቱና ለኅዳር ሌሊት ብቻ፤ ማንቆርቆሪያው ነጭ የሚለብስ ከሆነ ሦስት ወንድና ስምንት ሴት ጋፒ፣ ሁለት ሦስት ፕላቲ፤ ካልለበሰ አሥራ ሁለት ኒዮንና ስድስት ኮሪዶራስ። ኤንጀልፊሽ የግድ ካስፈለገ ኒዮኑ ይቀራል፤ ከእሱ ጋር ጎልማሳ ኮሪዶራስ ይሁን፤ ጋሻ የመሰለ ቅርፊቱና የክንፉ እሾህ አፍ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከሉለታል። ኤንጀልፊሹም ከሁሉም በኋላ ይግባ፤ ቀድሞ የገባ ኤንጀልፊሽ ገንዳውን ርስቴ ብሎ ስለሚይዘው ተከትሎት የሚመጣውን ሁሉ እንደ ወራሪ ይቀበለዋል።